የከሊፋዎቹ ዘመን የኩልና የሽቶ ብልቃጦች፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በእስልምና የመጀመሪያዎቹ መቶ ዓመታት በትንፋሽ እየተነፉ ስለተሠሩት የመስታወት መዋቢያ ዕቃዎች በአማርኛ የቀረበ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ሰንብቷል። ጽሑፉ በአጭሩ የሚለው የሚከተለውን ነው፤ የዐረብ ሠራዊት በ630ዎቹ ሶርያን፣ ቀጥሎም ግብፅን ሲይዝ የሮማውያን የመስታወት ሙያ አብሮ ጠፋ፤ መስታወትን በትንፋሽ መንፋት ከዚያ በኋላ በባግዳድ ቤተ መንግሥት ተፈለሰፈ፤ በእንስሳ ጀርባ ላይ የተቀመጡት ብልቃጦች የልጆች መጫወቻ ነበሩ፤ በዕቃዎቹ ላይ የሚታየው የቀስተ ደመና ቀለም የሠሪዎቹ ምስጢራዊ ቅብ ነው፤ ብልቃጦቹን ይጠቀሙባቸው የነበሩት የቤተ መንግሥት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ብልቃጦቹም በሃይማኖት ይከፋፈላሉ፤ ብዙ ያልተረፉትም የተሰበረ መስታወት ስለሚጣል ነው፤ የያዙት ኩል ደግሞ አንቲሞኒ የተባለ ንጹሕ ማዕድን በመሆኑ ዛሬም ለሕፃናት ዓይን መድኃኒት ይሆናል። በጽሑፉ መካከልም የአክሱም የመስታወት ዋንጫ ፎቶግራፍ የዚሁ ንግድ ማስረጃ ተደርጎ ቀርቧል።

ጉዳዩ በቋንቋችን እምብዛም ያልተጻፈበት ነውና ጸሐፊው ማንሳታቸውን አከብራለሁ። ይሁን እንጂ ሌላ የአማርኛ ጽሑፍ በሌለበት የቀረበ ስሕተት ሳይመረመር እየተጠቀሰ ስለሚኖር፣ በመጨረሻው ነጥብ ላይ ደግሞ ጉዳዩ ከታሪክ አልፎ የሕፃናትን ጤና ስለሚነካ፣ ዝም ብሎ ማለፍ ተገቢ ሆኖ አላገኘሁትም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

መንፋትን ማን ጀመረው ለሚለው መልሱ አጭር ነው። ዘዴው ከእስልምና ስድስት መቶ ዓመታት በላይ ይቀድማል። አርኪዮሎጂስቱ ናሕማን አቪጋድ በኢየሩሳሌም አሮጌ ከተማ በሚገኘው የአይሁድ ሰፈር ባካሄዱት ቁፋሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጣለ የመስታወት ሠሪ ጥራጊ ተገኝቷል፤ በጥራጊው ውስጥ በትንፋሽ ተነፍተው ቅርጽ ሳይዙ የቀሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ ሙያው በሮም ግዛት ሁሉ ተሰራጨ። የመዋቢያ ዕቃዎቹም ቢሆኑ በከሊፋዎቹ ዘመን የተጀመሩ አይደሉም። በሶርያና በፍልስጥኤም ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይሠሩ የነበሩትን መንታ የኩል ቱቦዎች ማየት ይበቃል። ሠሪው አንድ ረዘም ያለ ቱቦ ይነፋና ገና ትኩስ ሳለ መሃሉን በመቆንጠጫ ጨብጦ ለሁለት ይከፍለዋል፤ በዙሪያው ቀጭን የመስታወት ክር ይጠመጥምበታል፤ ከላይ ደግሞ እንደ ቅርጫት እጀታ የሚታጠፍ ማንጠልጠያ ያክልበታል። አንዳንዶቹ ሲገኙ መኳያ ዘንጋቸው ገና በውስጣቸው ነበር። ባለ ሁለት አፉ ቱቦ ለኩል መዋሉን ማንም ሊክደው በማይችል መንገድ የሚያሳየን ይህ ዘንግ ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ማለትም በ630ዎቹ ሙያው ተቋረጠ ወደሚለው፣ ስመጣ ግን ዘርዘር አድርጌ መጻፍ ይኖርብኛል፤ የጽሑፉ ሌሎች ስሕተቶች አብዛኞቹ ከዚህ የተነሡ ናቸውና።

የዚያ ዘመን የመስታወት ሥራ በሁለት ደረጃ ነበር የሚሠራው። ጥሬው መስታወት በጥቂት ቦታዎች በግዙፍ እቶኖች ይቀልጣል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ተፈልጦ ወደየከተማው ይጫናል፤ በከተማው ያለው ሠሪ ቁራሹን በትንሽ እቶን እንደገና አቅልጦ ይነፋዋል። በዛሬዪቱ እስራኤል ሐዴራ አጠገብ ቤት ኤሊዔዘር በሚባል ስፍራ የእነዚህ ግዙፍ እቶኖች ቅሪት ተቆፍሮ ወጥቷል፤ 17 እቶኖች በአንድ ቦታ ተገኝተዋል፤ እያንዳንዱም በአንድ ጊዜ ቶኖች የሚመዝን መስታወት ያቀልጥ ነበር። በኬሚካዊ ይዘቱ የዚያ ስፍራ ነው የሚባለው መስታወት ደግሞ ከደማስቆ ይገዙ በነበሩት በኡመያድ ከሊፋዎች ዘመን፣ በ7ኛውና በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ በሰፊው ይታያል። ሙያው በወረራው ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል መስታወት የሚያቀልጥም የሚገዛም ባልተገኘ ነበር። ገዢው ሲለወጥ እቶኑ ዘንድ የነበሩት ሰዎች እዚያው ነበሩ፤ አሸዋቸውም ያው የባሕር ዳርቻ አሸዋ፣ አሸዋው ቶሎ እንዲቀልጥ የሚጨምሩት ማቅለጫም ያው ከግብፅ ዋዲ ናትሩን የሚመጣው ናትሮን የተባለ የሶዳ ማዕድን ነበር። ሙዚየሞች ብዙዎቹን ትንንሽ ብልቃጦች «ከ6ኛው እስከ 8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን» እያሉ በሰፊው የሚመድቧቸው ከቅርጻቸው ተነሥቶ ከወረራው በፊትና በኋላ ብሎ መለየት ስለሚያስቸግር ነው።

ይህን ስል ምንም አልተለወጠም ማለቴ አይደለም። ትልቅ ለውጥ ነበረ፤ ጸሐፊው ግን ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ አስቀድመው፣ በዚያም ላይ ምክንያቱን ከጦርነት አያይዘው አቀረቡት። ለውጡ የመጣው በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ9ኛው ሲሆን፣ የተለወጠውም ማቅለጫው ነው። ናትሮን እየጠፋ ሄደ፤ ተመራማሪዎች በግብፅ በአባይ ወንዝ መድረሻ (ዴልታ) አካባቢ የነበረውን የፖለቲካ ሁከትም የአየር ጠባይ መለወጥንም በምክንያትነት ያነሣሉ። በምትኩ በጨዋማ መሬትና በበረሃ ዳር የሚበቅሉ ዕፅዋት እየተቃጠሉ አመዳቸው የሶዳ ምንጭ ሆነ። ይህ ዘዴ ደግሞ አዲስ አልነበረም፤ በኢራቅና በኢራን የነበሩት፣ ከእስልምና በፊት የነበረው የፋርስ የሳሳኒድ መንግሥት ዘመን ሠሪዎች ከጥንት ጀምረው በአመድ ነበር የሚያቀልጡት። ሁለቱን ዓይነት ዛሬ በኬሚካል ምርመራ መለየት ቀላል ነው፤ በናትሮን የተሠራው መስታወት ውስጥ የማግኒዥየምና የፖታሲየም ኦክሳይድ መጠን እያንዳንዱ በአብዛኛው ከ1.5 በመቶ በታች ሲሆን፣ በአመድ የተሠራው ከዚያ ይበልጣል።

የሽግግሩን አስቸጋሪነት ከሁሉ በላይ የሚያሳየው በገሊላ ቤት ሼዓሪም በሚባል ስፍራ አንድ ዋሻ ውስጥ ዛሬም ተጋድሞ የሚገኘው የመስታወት ጠፍጣፋ ነው። ርዝመቱ 3.4 ሜትር፣ ስፋቱ ወደ 2 ሜትር፣ ክብደቱም 9 ቶን ገደማ ነው። በ1956 ሲገኝ ምን እንደሆነ አልታወቀም ነበር፤ መስታወት መሆኑ የተረጋገጠው በኋላ በተደረገ ምርመራ ነው። ዕድሜው በመጀመሪያ ወደ 4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተገምቶ የነበረ ሲሆን፣ ይዘቱ ሲመረመር ግን ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወርዷል። ሠሪዎቹ ያን ሁሉ አቅልጠው ትተውት የሄዱበት ምክንያት ኖራው ከመጠን በላይ ስለሆነ ነው። የፍልስጥኤም ባሕር ዳርቻ አሸዋ በውስጡ ካለው የቀንድ አውጣና የዛጎል ስብርባሪ የተነሣ ራሱ ኖራ አለበት፤ ናትሮን ግን ኖራ ስለሌለው ሁለቱ ሲቀላቀሉ መጠኑ ይስማማ ነበር። የዕፅዋት አመድ ደግሞ የራሱን ኖራ ይዞ ይመጣል። አመዱን ከዚያው ከለመዱት አሸዋ ጋር ሲያቀላቅሉት ኖራው በእጥፍ ሆነና መስታወቱ ደፈረሰ፤ ሊነፋም አልቻለም። አመድ ለመጠቀም የፈለገ ሠሪ አሸዋውንም መለወጥ፣ ንጹሕ የኳርትዝ ድንጋይ ወይም ሌላ አሸዋ መፈለግ ነበረበት። የአባሲዱ ከሊፋ ሃሩን አል-ረሺድ ከ796 እስከ 808 መቀመጫው ባደረጋት በሶርያዋ የራቃ ከተማ የተቆፈሩት የመስታወት መሥሪያ ቦታዎችም በዚያ ዘመን የተለያየ ቅልቅል ይሞከር እንደነበር ያሳያሉ።

ባግዳድን በተመለከተ አንድ ዓመት መጥቀስ ይበቃል። ከተማዋ የተመሠረተችው በ762 ነው፤ ከእርሷ በፊት ከመቶ ዓመት በላይ በእስልምና አገዛዝ ሥር ያለ ማቋረጥ ይነፉ የነበሩ ብልቃጦችን የባግዳድ ቤተ መንግሥት ሊፈለስፋቸው አይችልም።

የእንስሳ ቅርጽ ያላቸውን ብልቃጦች የልጆች መጫወቻ ማለት ዕቃዎቹን ቀረብ ብሎ ካለማየት የመጣ ይመስለኛል። እነዚህ ከ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ እስከ 8ኛው ድረስ በሶርያ አካባቢ የተሠሩ ሲሆኑ፣ በኒው ዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየምና በኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም ይታያሉ። ትንሽ ብልቃጥ በአንድ ባለ አራት እግር እንስሳ ጀርባ ላይ ትቀመጣለች፤ ዙሪያዋን ደግሞ ጥምዝምዝ እያለ ወደ ላይ የሚወጣ የመስታወት ክር እንደ ቀፎ ይከብባታል። አሠራሩ በጣም ያስደንቃል። ብልቃጧ መጀመሪያ ትነፋለች። ቀጥሎ ሠሪው ትኩስ ክር እየሳበ በብልቃጧ ዙሪያ ያዞረዋል፤ ክሩ እዚህም እዚያም በነጥብ ብቻ እንዲነካትና በቀረው ክፍተት እንዲኖር በጣም ይጠነቀቃል፤ ምክንያቱም ክሩ ከሞቀ ተንጠባጥቦ ይጣበቅባታል፣ ከቀዘቀዘ ደግሞ ይሰበራል። እንስሳው በትኩሱ ይቀረጻል፤ እግሮቹ፣ አንገቱና ጆሮዎቹ በመቆንጠጫ ተስበው ይወጣሉ። ይህ ሁሉ ሲሠራ ዕቃው ደጋግሞ ወደ እቶኑ አፍ እየተመለሰ መሞቅ አለበት። በመጨረሻም በማቀዝቀዣ ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ካልቀዘቀዘ፣ ወፍራሙ የእንስሳ አካልና ስሱ ክር እኩል ስለማይኮማተሩ ራሱ በራሱ ይሰነጠቃል። ይህን ያህል የተደከመበትን፣ በጣት ቢገፋ የሚሰበር የክር ቀፎ ለሕፃን መጫወቻነት የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ውስጧ ኩል ይሁን ጥሩ መዓዛ ያለው ቅባት በተመራማሪዎች ዘንድ ገና ቁርጥ ያለ ስምምነት የለም፤ የብልቃጧ መጠንና የአንገቷ ጥበት ግን ጥቂት ለሚበቃ፣ ውድ ለሆነ ነገር መያዣ መሆኗን ያመለክታሉ።

የቀስተ ደመናውን ቀለም በተመለከተ የጸሐፊው ስሕተት ብዙ ሰው የሚጋራው ነው፤ ዕቃዎቹም በእርግጥ ውብ ናቸውና አልፈርድባቸውም። ሆኖም ያንን ቀለም የሠራው ሰው የለም። መስታወት ለብዙ መቶ ዓመታት እርጥብ አፈር ውስጥ ሲቀበር ውኃው ከላዩ ሶዳውን ቀስ በቀስ እያጠበ ይወስደዋል፤ የሚቀረው ሲሊካ (የአሸዋው ዋና ንጥረ ነገር) የበዛበት እጅግ ስስ ንጣፍ ነው፤ ይህም እየተደጋገመ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይደራረባል። ብርሃን በእነዚህ ንጣፎች መካከል እየነጠረ ሲመለስ አንዱ ሞገድ ሌላውን እያጎላ ወይም እያጠፋ ወርቃማ፣ ሰማያዊና ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ንጣፉ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፤ ሥሩ ያለው የመጀመሪያው መስታወት ብዙውን ጊዜ ተራ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ቢጤ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ የመስታወት ጥበብ ባለሙያው ሉዊስ ኮምፎርት ቲፋኒ ከመሬት የወጡትን ዕቃዎች አይቶ ይህንኑ ነጸብራቅ ሆን ብሎ በአዲስ መስታወት ላይ መሥራት በመጀመሩ፣ ጥንታዊዎቹም እንደዚያው ታስበው የተሠሩ የሚመስላቸው በርክተዋል።

የሚያሳዝነው ግን በዚህ የተነሣ እውነተኛው የዚያ ዘመን ቀለም ተዘንግቶ መቅረቱ ነው። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅና በሶርያ የነበሩ ሠሪዎች የብርና የመዳብ ውህድ በመስታወቱ ላይ እየቀቡ፣ ጭስ በበዛበትና አየር ባነሰበት ምድጃ እንደገና ሲያሞቁት ብሩና መዳቡ ወደ መስታወቱ ገላ ዘልቀው ቢጫ፣ ቡናማና ቀይ ቢጤ ቀለም እንደሚሰጡ ደርሰውበታል። በ1965 በአሮጌው ካይሮ፣ በፉስጣጥ፣ በጆርጅ ስካንሎን ቁፋሮ የተገኘው በዚህ ዘዴ የተቀባ ዋንጫ በ773 ግብፅን ያስተዳደረውን የዐብዱ አል-ሰመድ ኢብን ዐሊን ስም ይዟል። ዋንጫው የመጠጥ ዕቃ እንጂ የኩል ብልቃጥ አይደለም፤ ነገር ግን የዚያ ዘመን ሠሪ በእጁና በእውቀቱ የፈጠረውን ቀለም ለማድነቅ የሚፈልግ ሰው መነሣት ያለበት ከዚህ ነው።

ዕቃዎቹ የቤተ መንግሥት ሴቶች ብቻ ነበሩ የሚለው አባባል በሁለት በኩል አይቆምም።

አንደኛ፣ የተገኙበት ስፍራ ይቃወመዋል። ጥር 749 በተነሣው ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥ በዮርዳኖስ ሸለቆ እንደ ቤት ሼአንና ፔላ ባሉ ከተሞች የነበሩ ቤቶችና ሱቆች ፈርሰው በውስጣቸው ያለውን ሁሉ ቀብረውታል። ፔላ ውስጥ ሰዎቹና ከብቶቹ ሳይቀሩ ከፍርስራሹ ሥር ነው የተገኙት። የኡመያድ ዘመን መስታወት በየቤቱና በየገበያው ምን ያህል ተራ ነገር እንደነበረ የምናውቀው ቀኑ ከታወቀ ከእንዲህ ዓይነት ፍርስራሽ ነው። በግብፅ ደግሞ ከ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ መንግሥት በገበያ ለሚሸጡ ነገሮች የመስታወት መስፈሪያ ያሠራና የገዢውን ስም ያለበት ማኅተም ያስመታበት ነበር፤ ምስር ሳይቀር በመስታወት ይሰፈር ነበር። መስታወት ለገበያ መስፈሪያነት ከበቃ፣ ለአንዲት ነጋዴ ወይም ለአንድ ሸማኔ ቤት የኩል ብልቃጥነት አይበቃም የሚባልበት ምክንያት አይታየኝም።

በ9ኛውና በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተለመደችው ሌላዋ ብልቃጥ ይህንኑ ታጠናክራለች። ምሁራን የመንጋጋ ጥርስ ብልቃጥ ይሏታል፤ ወርዷ አራት ማዕዘን ሆኖ ከታች በአራት ሹል እግሮች ስለምትቆም በእርግጥም ከሥሩ የተነቀለ መንጋጋ ትመስላለች። ቁመቷ በአብዛኛው ከአንድ ጣት አይበልጥም። ግድግዳዋ ወፍራም ነው፤ ውጪዋ በሚሽከረከር የድንጋይ መሣሪያ እየተፋቀ ማዕዘንና ጠርዝ ወጥቶለታል፤ ክፍተቷ ግን ቀጥ ብሎ የወረደ ቀጭን ቀዳዳ ብቻ ስለሆነ የምትይዘው ጥቂት ጠብታ ነው። ውድ የሆነ የሽቶ ዘይት ወይም በዘንግ ጫፍ የሚነሣ ኩል ነው ለዚህ የሚስማማው። እንዲህ ያለችው ብልቃጥ ከ836 ጀምሮ የአባሲድ ከሊፋዎች መቀመጫ በነበረችው በኢራቋ ሳማራ ብቻ ብትገኝ ኖሮ የጸሐፊው ሐሳብ ሚዛን ይደፋ ነበር፤ ነገር ግን በፉስጣጥም፣ በሰሜን ምሥራቅ ኢራን በኒሻፑርም፣ ቀጥሎ በማነሣው የንግድ መርከብ ላይም ተገኝታለች።

ሁለተኛ፣ ኩል የሴት ብቻ አልነበረም። በቲርሚዚ ስብስብ ውስጥ የሚገኙ ሐዲሶች፣ ማለትም የነቢዩን ንግግርና ተግባር የሚተርኩ ትውፊቶች፣ ነቢዩ ሙሐመድ የኩል ዕቃ እንደነበራቸውና ማታ ማታ ከመተኛታቸው በፊት ይኳሉ እንደነበር ይናገራሉ። ለወንዱም ለሴቱም መዋቢያና የዓይን መጠበቂያ ተደርጎ ይታይ ስለነበር የዓይን ሐኪም መጠሪያው ራሱ ኩል የሚኩል ማለት ነበር። በባግዳድ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ ዓይን በዐረብኛ የጻፈው ሑነይን ኢብን ኢስሐቅ ክርስቲያን ሐኪም እንደነበር መጥቀሱም አይከፋም፤ ጽሑፉ ብልቃጦቹን በሃይማኖት ለመከፋፈል ይሞክራልና። በሽቶ በኩል ደግሞ በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፈላስፋው አል-ኪንዲ ስለ ሽቶ ቅመማና ስለ ማንጠር ከመቶ በላይ የአሠራር መመሪያ የያዘ ጽሑፍ ትቷል። እንዲህ ያለው ቅመማ በርካታ ትንንሽ፣ መዓዛን የማያሾልኩ ዕቃዎችን ይፈልጋል፤ የተነፋ መስታወት ደግሞ እንደ ሸክላ ሽቶውን አይመጥም፣ እንደ መዳብም ከሚይዘው ነገር ጋር አይዋሐድም።

የአክሱምን ፎቶግራፍ በተመለከተ ነጥቡ የዘመን ብቻ ነው። በአክሱም መቃብሮች የተገኙት ውብ የመስታወት ዋንጫዎች ከ3ኛውና ከ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሚመደቡ ሲሆኑ እስልምና ከመነሣቱ በፊት የመጡ ናቸው። ጸሐፊው በኢትዮጵያ ምድር የእስልምና ዘመን ንግድ ማስረጃ ከፈለጉ ከድሬዳዋ አጠገብ ያለችውን ሐርላን ቢጠቅሱ ይሻል ነበር፤ በዚያ ቲሞቲ ኢንሶል በመሩት ቁፋሮ ከ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መስጊድ ጋር ከውጭ የመጡ የመስታወት ዕቃዎች ስብርባሪና ዶቃዎች ተገኝተዋል። ይህም ቢሆን እዚህ ከምንነጋገርበት ዘመን ዘግየት ያለ ነው።

ጸሐፊው ብዙ ብልቃጥ ያልቀረው የተሰበረው ስለሚጣል ነው ሲሉ «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚለውን ተረት ጠቅሰዋል። ለቤት ዕቃው ተረቱ እውነት ነው። ለመስታወት ሠሪው ግን ነገሩ ተቃራኒ ነበር፤ ስብርባሪ ሲጨመር ቅልቅሉ ቶሎ ስለሚቀልጥና ማገዶ ስለሚቆጥብ፣ የተሰበረ መስታወት በገንዘብ የሚገዛ ሸቀጥ ነበር። ለዚህ ከቱርክ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ፣ ከሮድስ ደሴት ፊት ለፊት፣ ሰርቼ ሊማኒ በሚባል ወደብ ከሰጠመች መርከብ የበለጠ ምስክር የለም። መርከቧ የሰጠመችው በ1025 አካባቢ ነው፤ ይህም የታወቀው በውስጧ ከነበሩት በፋጢሚድ ሥርወ መንግሥት ዘመን በግብፅ ከተሠሩ የመስታወት መመዘኛ ክብደቶች ላይ ካለው ጽሑፍ ነው። ጆርጅ ባስ ከ1977 እስከ 1979 ባካሄደው የባሕር ውስጥ ቁፋሮ 3 ቶን ያህል መስታወት ወጣ፤ 2 ቶኑ ጥሬ ጉርድ፣ 1 ቶኑ ደግሞ ለመቅለጥ ሆን ተብሎ የተሰባበረ ዕቃ ነበር። ስብርባሪው ከግማሽ ሚሊዮን እስከ አንድ ሚሊዮን ይገመታል። ባለሙያዎች ለዓመታት እየለዩ ገጣጠሙትና ብርጭቆው፣ ሳሕኑ፣ ጠርሙሱ፣ የመንጋጋ ጥርስ ብልቃጡም ጭምር ተመልሶ ቅርጹን ያዘ፤ ዛሬ ቦድሩም በሚገኘው የባሕር ውስጥ አርኪዮሎጂ ሙዚየም ይታያል። ስለዚህ ብዙው ብልቃጥ የጠፋው ተንቆ ስለተጣለ ሳይሆን ተለቅሞ፣ ተሸጦ፣ ተጭኖና ቀልጦ ሌላ ዕቃ ስለሆነ ነው።

የቀረው የኩሉ ጉዳይ ነው፤ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። በጥንት የዐረብኛ ጽሑፎች ለዓይን ይጠቅማል ተብሎ የሚወደሰው ማዕድን በመዝገበ ቃላት ብዙ ጊዜ አንቲሞኒ ተብሎ ይተረጐማል፤ ስም ግን ምርመራን አይተካም። የጥንት ግብፃውያን የኩል ዕቃዎች ውስጥ የቀረው ዱቄት በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ካሉት ዕቃዎች ተወስዶ ሲመረመርና ውጤቱ በ1999 ሲታተም፣ ዋናው ነገር ጋሌና የተባለ የእርሳስ ማዕድን ሆኖ ተገኝቷል፤ ከእርሱ ጋር ሌሎች የእርሳስ ውህዶችም ነበሩ። ጥቁር ሆኖ የሚያብለጨልጨውና በቀላሉ የሚደቀው ይህ ማዕድን በአካባቢው ከአንቲሞኒ ይልቅ እንደልብ ይገኝ ነበር። በዘመናችንም በገበያ በሚሸጡ ኩሎች ላይ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ምርመራዎች በብዙዎቹ ከፍተኛ መጠን ያለው እርሳስ አግኝተዋል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ኩልን ለመዋቢያ ቀለምነት አልፈቀደም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለሕፃናት ጉዳት የሌለው የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ ይናገራል። ሕፃን ዓይኑን ያሻል፣ እጁን ይልሳል፤ የገባው እርሳስ በአእምሮ እድገቱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ደግሞስ ኩሉ በእርግጥ አንቲሞኒ ቢሆን እንኳ አንቲሞኒም ራሱ መርዝነት ያለው ማዕድን ነው።

ጽሑፉን በአገር ቤትም፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችም፣ በአሜሪካና በአውሮፓም ያሉ ወላጆች ያነቡታል፤ ለአራስ ልጅ ኩል መኳልም በብዙ ቤተሰብ ያለ ልማድ ነው። ስለ ባግዳድም ሆነ ስለ ቀስተ ደመናው ቀለም የተሰጠው እርማት ጊዜ ቢወስድ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ለሕፃናት ዓይን ኩል መድኃኒት ነው የሚለው የመጨረሻ አንቀጽ ግን ጸሐፊው ዛሬውኑ ከጽሑፋቸው እንዲያወጡት፣ ቀድሞ ለደረሳቸው አንባቢዎችም ማስተካከያ እንዲጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።